በክርና በምስማር ስለሚሠራ ሥዕል
(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ላይ ከእጅ ሥራ ክበብ አንድ ተማሪ ያደረገው ንግግር)



በዚህ በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ቀን በፊታችሁ ቆሜ ጥቂት ቃል እንድናገር ስለ ተፈቀደልኝ በእጅ ሥራ ክበባችን ስም ከልብ አመሰግናለሁ። የምናገረውም በስተኋላዬ በግድግዳው ላይ ስለ ተሰቀሉት ሰሌዳዎች ነው። ጠዋት ኤግዚቢሽኑን የተመለከቱ እንግዶች «ይህን ቅስት በምን ሣላችሁት?» እያሉ ጠይቀውናል። መልሱ አጭር ነው፤ አልሣልነውም። በእነዚህ ሰሌዳዎች ላይ አንድም የጎበጠ መሥመር የለም። ያለው ምስማርና ከምስማር ወደ ምስማር ቀጥ ብሎ የተወጠረ ክር ብቻ ነው። ክሮቹ እርስ በርሳቸው ሲተላለፉ ቅስቱን አሟልቶ የሚያየው የተመልካቹ ዓይን ነው።

ይህን ሥራ የምናውቅ የክበቡ አባላት አምስት ስንሆን አምስታችንም ዘንድሮ የ12ኛ ክፍል ተፈታኞች ነን። በሚመጣው መስከረም የእጅ ሥራው ክፍል ሲከፈት መዶሻውን የሚያነሣ ከሌለ ምስማሩ ይዝጋል፤ ክሩም ለሌላ ጉዳይ ይወሰዳል። ስለዚህ ይልቁንም የ9ኛና የ10ኛ ክፍል ተማሪዎች ጆሮአችሁን እንድትሰጡኝ እለምናለሁ።

በመጀመሪያ ስለ እንጨቱ። ለዚህ ሥራ የሚሻለው ዋንዛ ነው፤ ለስላሳ ስለ ሆነ ምስማርን ሳይሰነጠቅ ይቀበላል፥ ከተቀበለም በኋላ ይይዛል። ባሕር ዛፍ በየቦታው ስለሚገኝ ብዙ ሰው ወደ እርሱ ይሮጣል፤ ነገር ግን በጠርዙ አጠገብ ምስማር ሲመቱበት ይሰነጠቃል። ኮምፖርሳቶም ይሆናል፥ እንዳይሳሳ ብቻ መጠንቀቅ ነው። ጣውላው በብርጭቆ ወረቀት ታሽቶ ከለሰለሰ በኋላ ጥቁር ቀለም ይቀባል፥ ወይም ጥቁር ከፋይ ይለብሳል።

ነጥቦቹ በእንጨቱ ላይ አይጻፉም። በወረቀት ላይ በኮምፓስና በማስመሪያ ይሠራሉ፤ ወረቀቱም በጣውላው ላይ ይለጠፍና ምስማሩ በወረቀቱ ላይ ይመታል፥ በመጨረሻም ወረቀቱ ተቀድዶ ይወጣል። ምስማሩ ቀጭንና ራሰ ትንሽ፥ ርዝመቱም 2 ሳንቲ ሜትር ያህል ቢሆን መልካም ነው። ከዚህ ውስጥ ሲሶው ወደ እንጨቱ ይገባል። የቀረው ሁሉ በቁመት እኩል ይሆን ዘንድ አንድ ትንሽ የእንጨት ቁራጭ ለክቶ አጠገቡ እያቆሙ መምታት ነው። ጣት እንዳይመታ ምስማሩን በማበጠሪያ ጥርሶች መካከል አጣብቆ መያዝ ይበቃል። ይህን ብልሃት የሚንቅ ሰው ቢኖር አውራ ጣቱ ያስተምረዋል።

ክሩ የጥልፍ ክር ቢሆን ይመረጣል፤ የልብስ ስፌት ክር በጣም ስለሚቀጥን ከሩቅ አይታይም። በመጀመሪያው ምስማር ላይ ድርብ ቋጠሮ ይታሠርና ጥቂት ኮላ ይጨመርበታል። ክሩ ከላላ በመካከሉ ይረግባል፤ እጅግ ከጠበቀ ደግሞ ምስማሮቹን ወደ ውስጥ ያጎነብሳቸዋል፥ ያን ጊዜም አስቀድመው የተወጠሩት ክሮች ሁሉ ይላላሉ። ልኩ በሁለቱ መካከል ነው፤ እርሱንም የሚያውቀው የለመደ እጅ እንጂ መጽሐፍ አይደለም። ሥራው እስኪያልቅ ድረስ ክሩን ከጥቅሉ አትቁረጡት።

እነሆ የመጀመሪያው ልምምድ። አንድ ቁመትና አንድ አግድም መሥመር በማዕዘን ይገናኙ፤ በእያንዳንዱም ላይ በእኩል ርቀት 10 ምስማር ይመታ። የቁመቱ ከላይ ወደ ታች፥ የአግድሙ ከማዕዘኑ ወደ ውጭ ከ1 እስከ 10 ይቈጠር። ከዚያ 1ን ከ1፥ 2ን ከ2፥ 3ን ከ3 ጋር እያገናኙ መሄድ ነው። ክር ለመቆጠብ በአግድሙ 1 ላይ ሲደርሱ ወደ ጎረቤቱ 2 ተሻግሮ ወደ ቁመቱ 2 መውጣት ይገባል። አምስተኛው ክር ከተወጠረ በኋላ ቅስቱ ብቅ ማለት ይጀምራል። ይህ ቅስት በጥቁር ሰሌዳ ላይ ስንት ጊዜ የሣልነው ፓራቦላ ነው፥ ዘንበል ብሎ በመቆሙ ብቻ አንለየውም። ወደ ላይ አግድመን የወረወርነው ድንጋይ የአየሩን መቋቋም ካልቈጠርነው የሚሄድበት መንገድም ይኸው ነው።

አንዳንድ ጓደኞቻችን «ይህ የልጅ ጨዋታ ነው፤ በፈተና አይጠየቅም» ይሉናል። ለእነዚህ የምመልሰው በክቡ ሰሌዳ ነው። ራዲየሱ 10 ሳንቲ ሜትር በሆነ ክብ ላይ በየ10 ዲግሪው ምስማር ብንመታ 36 ምስማር ይሆናል። ከ0 እስከ 35 እንቍጠራቸው። 12 እየቈጠርን ብንሄድ ከ0 ወደ 12፥ ከ12 ወደ 24፥ ከ24 ወደ 0 ተመለስን፤ ሦስት ምስማር ብቻ ነክተን ሦስት ማዕዘን ሠርተን ቀረን። 10 እየቈጠርን ብንሄድ 18ቱን ነክተን እንመለሳለን፥ የቀሩትን 18 አናያቸውም። 13 እየቈጠርን ብንሄድስ? ከ0 ወደ 13፥ ከ13 ወደ 26፥ ከ26 ወደ 39፥ ማለትም 36ን ቀንሰን ወደ 3፤ እንዲህ እያለ አንዱ ክር ሳይቆረጥ 36ቱንም ምስማሮች ጐብኝቶ ወደ 0 ይመለሳል። ምክንያቱም 13ና 36 ከ1 በቀር የጋራ አካፋይ የላቸውም። ትልቁን የጋራ አካፋይ በቃል ሸምድዶ የሚያውቅ ተማሪ ብዙ ነው፤ ክር ይዞ በመንገድ ላይ ያገኘው ግን ጥቂት ነው።

በዚህ ሰሌዳ መካከል ክፍት ሆኖ የምታዩት ክብ ራዲየሱ 4 ከ2 ሳንቲ ሜትር ያህል ነው። እርሱንም አልለካነውም፤ የ65 ዲግሪ ኮሳይን በ10 ተባዝቶ የሚሰጠው ነው። ክሩን ከመግዛታችን በፊትም ስንት እንደሚፈጅ አስልተናል። እያንዳንዱ ጉዞ 18 ሳንቲ ሜትር ከጥቂት ሚሊ ሜትር ነው፥ በ36 ሲባዛ ስድስት ሜትር ተኩል ይሆናል። ለምስማሮቹ ዙሪያና ለቋጠሮው ጨምረን 7 ሜትር ገዛን፤ በቃን።

በግራ በኩል ያለው የልብ መሳይ ሰሌዳ 72 ምስማር አለው። ሕጉ እያንዳንዱን ቍጥር ከእጥፉ ጋር ማገናኘት ነው፤ 1ን ከ2፥ 2ን ከ4፥ 3ን ከ6፥ ከ72 ሲያልፍም 72ን መቀነስ። በእጥፍ ፈንታ በሦስት ብናበዛ ሁለት ሹል ያለው ሌላ ቅርጽ ይወጣል። የዚህን ቅርጽ እኩሌታ ሁላችሁም አይታችሁታል፥ ስም ስላልሰጣችሁት ብቻ ረስታችሁት ይሆናል። ጠዋት ፀሐይ በመስኮት ገብታ በብረት ኩባያ ውስጥ ስታርፍ በወተቱ ላይ መካከሉ የሾለ ብሩህ ቅስት ይታያል። ከኩባያው ግድግዳ ተመትተው የሚመለሱት የብርሃን መሥመሮች ቀጥ ያሉ ናቸው፥ እንደ ክሮቻችን።

ይህን ሥራ ለሕፃናት ትምህርት ካዋሉት ሰዎች መካከል በስም የምትታወቀው እንግሊዛዊቷ ወይዘሮ ሜሪ ኤቨረስት ቡል ናት። በ1832 እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ተወለደች፤ ታላቁ ተራራ ስሙን የወሰደበት የጆርጅ ኤቨረስት የወንድም ልጅ ነበረች። ባሏ ጆርጅ ቡል የዛሬው ኮምፒዩተር የሚሠራበትን የእውነትና የሐሰት አልጄብራ ያቆመ ሊቅ ነው። በ1864 ሲሞት አምስት ሴቶች ልጆች ትቶባት ሄደ። እርስዋም ልጆችዋን እያሳደገች ሌሎችንም ታስተምር ነበር፤ በካርቶን ጠርዝ ላይ ቀዳዳ እያበጁ በመርፌና በክር ቅስት መስፋትን ለሒሳብ መግቢያ አደረገችው። ከልጆችዋ አንዷ አሊሺያ ዩኒቨርሲቲ ሳትገባ፥ ከርዝመት፥ ከስፋትና ከከፍታ በላይ አራተኛ መጠን ያላቸውን በዓይን የማይታዩ ቅርጾች መርምራ ቁራጮቻቸውን በካርቶን ሠርታ አሳየች። የሆላንዱ ግሮኒንገን ዩኒቨርሲቲ በ1914 የክብር ዶክተርነት ሰጥቷታል።

በቅርቡ ደግሞ፥ በ2016፥ ግሪካዊው ፔትሮስ ቭሬሊስ አንድ ክር በክብ ዙሪያ በሺ የሚቈጠር ጊዜ እያመላለሰ የሰው ፊት አሳይቷል። የክሩን ቅደም ተከተል ያሰላለት ኮምፒዩተር ነው። ነገሩ የሚያስደንቅ ነው፤ ለጀማሪ ግን እኔ ክቡን እመርጣለሁ፥ ስሌቱ ከራሱ ራስ ይወጣልና።

ስለ ንቀት ከተነሣ አንድ ነገር ልጨምር። ብዕር የያዘ እጅ መዶሻ ሲይዝ የሚያፍር አለ። በአገራችን ሸማኔው፥ ቀጥቃጩና ሸክላ ሠሪው በሙያቸው ሲናቁ ኖረዋል፤ ርዝራዡም ዛሬ በእኛ በተማሪዎች አፍ ላይ ሲገኝ ያሳዝናል። በሽሮ ሜዳ ጥበብ የሚሠራ ሸማኔ ድሩን ቈጥሮ ማጉን ሲያስገባ፥ እናቶቻችንም የመሶብ ስፌት ሲሰፉ፥ በአንድ ክር ወይም በአንድ አለላ ቢሳሳቱ ሐረጉ ተዛብቶ ይቀራል። እኛ በ36 ምስማር ላይ የምንቈጥረውን እነርሱ በመቶ በሚቈጠር ክር ላይ ያለ ወረቀት ይቈጥሩታል።

የእጅ ሥራው ክፍል ዘወትር ሐሙስ ከትምህርት በኋላ እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ክፍት ነው። 36 ምስማር የተመታበት፥ ክር ያልዞረበት አንድ ሰሌዳ በጠረጴዛው ላይ አስቀምጠናል። መጀመሪያ የሚመጣው ተማሪ ቍጥሩን ራሱ ይመርጣል። መዶሻና ምስማር እኛ ዘንድ አለ፤ ማበጠሪያ ግን እያንዳንዱ የራሱን ይዞ ይምጣ።