ጨርቁን የሚቆርጠው ማነው?

የዛሬው ርእሳችን ሕግ አውጪ ነው። ሕግ አውጪ ከጠበቃ በምን ይለያል? እስቲ በልብስ ስፌት እንየው። ጠበቃ የተሰፋውን ልብስ ለባለጉዳዩ ልክ ያደርግለታል፤ ያጠብብለታል፣ ያሳጥርለታል። ሕግ አውጪ ግን ጨርቁን የሚቆርጠው ነው። ታዲያ አቆራረጡ ከተበላሸ ጠበቃው ምን ያህል ሊያስተካክለው ይችላል?

አሜሪካዊቷ ባርባራ ጆርዳን ሁለቱንም ሠርተዋል። የሂውስተን ተወላጅ ናቸው። ጥብቅና የጀመሩት ቢሮ ከፍተው አልነበረም፤ በወላጆቻቸው ቤት፣ በምግብ ጠረጴዛው ላይ ነበር። ለቴክሳስ ምክር ቤት ሁለት ጊዜ ተወዳድረው ተሸነፉ። ተስፋ ግን አልቆረጡም። በ1966 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ለቴክሳስ ሴኔት ተመረጡ፤ በ1972 ደግሞ ለአገሪቱ ኮንግረስ ተመረጡ።

ብዙዎች የሚያስታውሷቸው ፕሬዚዳንት ኒክሰን ከሥልጣን ይነሱ ወይስ አይነሱ ሲባል ባሰሙት ንግግር ነው። እርግጥ ነው፣ ድንቅ ንግግር ነበር። ለእኔ ግን ከዚያ የሚበልጠው የ1975ቱ ሥራቸው ነው። የመራጮች መብት ሕግ ሲታደስ፣ እንግሊዝኛ የማይችሉ ዜጎችንም እንዲያቅፍ ታገሉ። ሕጉ ጸደቀ። ስለዚህ ስፓኒሽ ተናጋሪው የቴክሳስ መራጭ የምርጫ ወረቀቱን በገዛ ቋንቋው ማንበብ ቻለ።