ደረሰኝ የሌለው ሥራ
(በማኅበራችን ጠቅላላ ስብሰባ ላይ ከሒሳብ ክፍል የቀረበ ንግግር)



ባለፈው ስብሰባ ከደጋፊዎቻችን አንዷ «ልጆችን ስፖርት የሚያሠራ ሮቦት አለ፤ ለልጆቻችሁ እንዲገዛ ገንዘብ ብናሰባስብስ?» ብለውን ነበር። ሐሳቡ ከቅን ልብ የመጣ ስለሆነ ተገቢ መልስ ይፈልጋል። እኛ በሒሳብ ክፍል ያለን ሐኪሞች አይደለንም፤ ዕቃ ከመገዛቱ በፊት ምን እንደሚሠራ መጠየቅ ግን ሥራችን ነው።

ሮቦቱ ናኦ ይባላል። የፈረንሳይ ሥሪት ነው፤ ቁመቱ 58 ሳንቲ ሜትር ስለሆነ የአንድ ዓመት ሕፃን ይበልጠዋል። በአውስትራሊያ በሜልበርን ሮያል የሕፃናት ሆስፒታል ተሞክሯል። በስፔኗ ሴቪያ ከተማም ሴሬብራል ፓልሲ ካለባቸውና ሲወለዱ የክንዳቸው ነርቭ ከተጎዳ ልጆች ጋር ሠርቷል። ይህ ሁለተኛው ጉዳት ምጥ ሲከብድና የሕፃኑ ትከሻ ሲያዝ የሚደርስ ነው፤ ከመካከላችን በደንብ የሚያውቁት አሉ።

በሴቪያ ሮቦቱ ልጁን አይነካውም። እጁን ያነሳል፣ ልጁም እያየ እንደ እሱ ያነሳል። ካሜራ የልጁን አቋም ይከታተላል፤ ካልተስተካከለ ሮቦቱ ደግሞ ያሳየዋል። ያበረታታል፣ አይሰለችም፣ አይቆጣም። የደከመ ክንድ የሚጠነክረው በመደጋገም ነው፤ መደጋገም ደግሞ ልጅን ቶሎ ይሰለቸዋል። የሮቦቱ ጥቅም ድካሙን ጨዋታ ማድረጉ ላይ ነው። ለየልጁ የሕክምናውን ግብ የሚወስኑት ግን እዚያም የሕክምና ባለሙያዎች ናቸው።

እኛ ሠፈር ይህን ሥራ የምትሠራው እናት ናት። ከጉሊት ስትመለስ፣ ሊጡን አቡክታ፣ ልጇን ፊት ለፊቷ አስቀምጣ «አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት» እያለች ታሠራለች። ልጁ ያለቅሳል፤ እሷም ደክሟታል። ይህ ሥራ በየትኛውም መዝገባችን ላይ የለም።

ስለ ግዥው ደግሞ እንነጋገር። ዋጋው የመጀመሪያው መስመር ብቻ ነው፤ ጥገና፣ ባትሪ፣ ፕሮግራሙን የሚያስተካክል ባለሙያ ይከተላል። የናኦ ፈጣሪ የሆነው አልደባራን ኩባንያ ራሱ እ.ኤ.አ. በ2025 ከስሮ ንብረቱ ተሸጧል። መለዋወጫ ብንፈልግ ማንን እንጠይቃለን? የተሟላ የሕክምና ክፍልና ባለሙያ ያለው ሆስፒታል ቢገዛው ልጆቻችንን ይዘን በደስታ እንሄዳለን። በእኛ አዳራሽ ግን ጥግ ላይ አቧራ ለብሶ እንዳይቀር እንሰጋለን።

ደጋፊዎቻችን ዕቃ መግዛት ለምን እንደሚቀላቸው ይገባናል፤ ዕቃ ደረሰኝ አለው፣ ፎቶም ይነሳል። ለክትትል የምንሳፈርበት ሚኒባስ ደረሰኝ አይቆርጥም። ብዙ እናቶች ቀጠሮ የሚያቋርጡት ግን በዚሁ በታክሲ ሒሳብና ሥራ በሚፈታበት ቀን ምክንያት ነው።

ስለዚህ ያቀረብነው ሐሳብ ይህ ነው፦ ገንዘቡ ለእናቶች መጓጓዣና በወር አንድ ቀን አዳራሻችን መጥታ መልመጃውን ለምታስተካክል የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ አበል ይዋል። በደረሰኝ ፋንታ የቀጠሮ ካርድና የእናቲቱ ፊርማ ያለበት ቅጽ አዘጋጅተናል፤ ኦዲተር ቢመጣም የሚያሳፍር አይደለም።

ጨዋታውን ደግሞ ከሮቦቱ ያለ ክፍያ እንውሰድ። ባለሙያዋ ያዘዘችውን መልመጃ ታላቅ እህት ወይም የጎረቤት ልጅ ፊት ለፊት ቆሞ ያሳይ፣ ትንሹ ይከተል፣ ቆጠራው የሁለቱም ይሁን። እናት ቢያንስ ያን ጊዜ ቁጭ ትበል።

ቅጹ ጸሐፊዋ ጋ አለ። ድምፅ የምንሰጠው በሚቀጥለው ስብሰባ ስለሆነ፣ የሚመቻችሁን ቀን ከዚያ በፊት አስመዝግቡልን።