መንገዱ የሰበሰበው ውሃ የት ይሂድ?

በዩኒየኑ የምሥረታ በዓል ላይ በአንድ የልማት ሠራተኛ የቀረበ ንግግር

በዕድሜም በልምድም የሚበልጡኝ ሰዎች ባሉበት በዚህ መድረክ እንድናገር ስለተፈቀደልኝ አመሰግናለሁ። እኔ ከግብርና ኮሌጅ በዲፕሎማ የተመረቅሁ የልማት ሠራተኛ እንጂ መሐንዲስ አይደለሁም። ይሁን እንጂ የእኛ ሥራ የእግር ሥራ ስለሆነ፣ መንገድ በገባበትና ባልገባበት ቀበሌ መካከል ያለውን ልዩነት በእግሬ ለክቼዋለሁ ማለት እችላለሁ።

የደብረ ታቦር ሰው ስለ መንገድ ሥራ ከማንም አይማርም። ዐፄ ቴዎድሮስ በጋፋት የተሠራውን ሴባስቶፖልን ይዘው በጥቅምት 1860 ዓ.ም. ከዚህ ሲነሱ፣ 70 ኩንታል ያህል የሚመዝን መድፍ የሚያሳልፍ መንገድ አልነበረም። ሠራዊታቸው ድንጋይ እየፈለጠና ገደል እየናደ፣ የበሽሎን ሸለቆ ወርዶና ወጥቶ መቅደላ የደረሰው በመጋቢት ነው። ዛሬ ሁላችንም የምንመላለስበት፣ ከወረታ ተነስቶ በደብረ ታቦር፣ በጋሳይና በነፋስ መውጫ አልፎ ወልድያ የሚገባው መንገድ ደግሞ በ1960ዎቹ መጨረሻ በቻይና እርዳታ ተጀምሮ በ1970ዎቹ የተጠናቀቀ ነው። ከዚህ ዋና መንገድ ወደ ውስጥ የሚገቡት የቀበሌ መንገዶች በብዛት የመጡት ከ2003 ዓ.ም. ወዲህ፣ የገጠር ቀበሌዎችን በሙሉ ክረምት ከበጋ በሚያገለግል መንገድ ለማገናኘት ፕሮግራም ከተነደፈ በኋላ ነው።

የእነዚህ መንገዶች ጥቅም ለእናንተ አይነገርም። አንድ አይሱዙ 50 ኩንታል ማዳበሪያ ይዞ ማኅበሩ መጋዘን በር ላይ ቢደርስ፣ በየአህያው አንድ አንድ ከረጢት ቢጫን 100 አህያ የሚሸከመውን አደረሰ ማለት ነው። በጉና ዙሪያ ያላችሁ ደግሞ የድንችን ጠባይ ታውቃላችሁ። ገብስ በጎተራ ሆኖ ዋጋ ይጠብቃል። ድንች ግን ከክብደቱ አብዛኛው ውሃ ነው፤ ይከብዳል፣ ይቆስላል፣ ይበሰብሳል። መንገድ የሌለው ድንች አምራች ነጋዴው የጠራለትን ዋጋ ከመቀበል በቀር ምርጫ የለውም።

ስለሆነም ዛሬ መንገድ ይሠራልን የሚለውን የተለመደ ጥያቄ አላነሳም። እሱን ሌሎች ያነሱታል፤ ትክክልም ናቸው። እኔ የማነሳው መንገዱ ተሠርቶ፣ ሪባን ተቆርጦ፣ ሠንጋ ታርዶ ሁሉም ወደየቤቱ ከተመለሰ በኋላ የሚመጣውን ነገር ነው። የሚመጣውም ውሃ ነው።

ውሃ በሥራ ላይ የሚያደርገውን ከሰባራ ድልድይ የበለጠ የሚያሳየን የለም። በሞጣና በደቡብ ጎንደር መካከል በዓባይ ላይ ያለው ይህ ድልድይ በፋሲለደስ ዘመን በድንጋይና በኖራ የተገነባ ሲሆን፣ በጣሊያን ወረራ ጊዜ መካከሉ ተቆርጦ ቀረ። ከዚያ በኋላ ሰው የሚሻገረው ወገቡን በገመድ ታስሮ፣ በሁለቱ ዳር የቆሙ ሰዎች እየጎተቱት ነበር። የዚህን ፎቶግራፍ በመጽሔት ያዩ ኬን ፍራንትዝ የተባሉ አሜሪካዊ ብሪጅስ ቱ ፕሮስፐሪቲ የሚባለውን ድርጅት አቋቋሙ፤ እ.ኤ.አ. በ2002ም የተቆረጠው ቦታ በብረት ተገጠመ። ሕዝቡም ተደሰተ። ሦስት ዓመት ሳይሞላ ወይም እንደሞላ፣ እ.ኤ.አ. በ2005፣ ጎርፍ መጥቶ ብረቱን ወሰደው። እ.ኤ.አ. በ2009 እንደገና ሲሠራ ግን በአሮጌው ድልድይ ላይ አልተገጠመም፤ ከጎርፉ ከፍ ብሎ በገመድ የተንጠለጠለ የእግረኛ ድልድይ ሆነ። ሁለተኛው ሥራ የተነሳው ውሃው እስከየት ይደርሳል ከሚለው ጥያቄ ነው።

ወደ ራሳችን ቀበሌ ስንመለስ ነገሩ ያነሰ ይመስላል እንጂ ያው ነው። በተዳፋት ላይ የሚያልፍ መንገድ ሳናስበው ትልቅ የመቀልበሻ ቦይ ይሆናል። ቀድሞ ከተራራው ተበታትኖ፣ በየማሳው እየሰረገ ይወርድ የነበረውን ጎርፍ በጎን ቦዩ ይሰበስብና በአንድ ቱቦ አፍ በኩል ያፈሰዋል። ቱቦው መንገዱን አድኗል። ከቱቦው በታች ያለው ማሳስ?

በምሠራበት ቀበሌ ያየሁትን ልንገራችሁ። ከአንድ ቱቦ በታች የአንዲት እናት የገብስ ማሳ አለ። በመጀመሪያው ክረምት ስንጥቅ ታየ። በሦስተኛው ክረምት ላም ቢገባበት የማይታይ ቦረቦር ሆነ። እኚህ እናት ቢጨንቃቸው ከልጆቻቸው ጋር ሆነው በሌሊት የቱቦውን አፍ በድንጋይ ደፈኑት። ውሃው መውጫ ሲያጣ መንገዱ ላይ ወጣና ቆረጠው፤ ሰኔ ላይ ዩሪያ የጫነው መኪና እዚያው ቆመ። የማኅበሩ አባላት ተቆጡ፤ ሊያስቀጡም ተነሱ። እሳቸውም አባል ናቸው። በስብሰባው ላይ የተናገሩትን አልረሳውም፤ «መንገዱ የሁላችሁ ሆነ፤ ጎርፉ ግን የኔ ብቻ ሆነ» አሉ። መልስ የሰጠ ሰው አልነበረም።

እኔ በበኩሌ ጥፋተኛው ድንጋዩን የከተተው ሰው ነው አልልም። ቱቦውን ሠርቶ የውሃውን መሄጃ ያልሠራ ሥራ፣ አልቋል ተብሎ መረከቡ ነው ችግሩ።

በዚያ ቀበሌ በኋላ የተደረገው ቀላል ነው። በጥር የተፋሰስ ሥራ ጊዜ ሰዉ ሩቅ ተራራ ከመሄዱ በፊት ከቱቦው አፍ ጀመረ። ውሃው የሚወድቅበት በድንጋይ ተነጠፈ። ከላይ በኩል እርከን ተሠርቶ የሚመጣው ጎርፍ ተቀነሰ። ቦረቦሩ ውስጥ ከላይ ወደ ታች ክትር በክትር ተደረደረ፤ ጥልቁ ቦታ ላይ ጋቢዮን ገባ፣ ጠርዙ ላይ ሣር ተተከለ፣ ከብት እንዳይገባም ተከለከለ። ሣሩን አጭዶ የመጠቀም መብት በቀበሌው ስምምነት ለእኚሁ እናት ተሰጠ። ማሳው ሙሉ በሙሉ አልተመለሰም፤ ያ አፈር ሄዷል። ቦረቦሩ ግን ቆሟል፤ ቱቦውንም ዛሬ ደለል ሲይዘው የሚጠርጉት እሳቸው ናቸው።

የሄደው አፈር የት ገባ ብትሉ፣ ከጉና የሚነሱት ርብና ጉማራ ይዘውት ወደ ፎገራ ነው የሚወርዱት። የርብ ግድብ 234 ሚሊዮን ሜትር ኩብ ውሃ እንዲይዝ ታስቦ የተሠራ ትልቅ ሥራ ነው። ከላይ ካለው ማሳ የሚታጠበው ደለል ያንን ቦታ በየክረምቱ ይሻማል። ስለዚህ የፎገራ ሩዝ አምራች ማኅበራትም ይህ የደጋ ሰው ጉዳይ ነው ብላችሁ እንዳትተዉት አደራ።

ከሥራ ኃላፊዎቻችን የምለምነው አንድ ነገር ነው። የቀበሌ መንገድ ሲረከቡ ኮሚቴው በመኪና ሄዶ በመኪና አይመለስ። የግብርና ባለሙያ ይዞ ከየቱቦው አፍ ወደ ታች 200 ሜትር ያህል በእግሩ ይውረድ፤ ባለማሳውንም ያነጋግር። ከዚያ ይፈርም።

ከዩኒየናችን የምጠይቀው የጋቢዮን ሽቦ ነው። ድንጋዩ አለን፣ ጉልበቱም አለን፤ ሽቦ ግን በጉልበት አይገኝም። መሠረታዊ ማኅበራት በየቀበሌያቸው የሚያሰጉ ቱቦዎችን ቆጥረው እስከ ኅዳር ቢያመጡና ጥያቄው በሚቀጥለው ጠቅላላ ጉባኤ አጀንዳ ቢያዝ፣ ሽቦው ለጥር ሥራ ይደርሳል። የእኔ ቀበሌ ቆጠራ አልቋል፤ 11 ቱቦ ነው፤ ዝርዝሩን ለጸሐፊው ሰጥቻለሁ።