ደርቃ የቀረችው ኮምፒዩተራችን እንዴት ተነሣች
(የኮምፒዩተር ክበብ ተማሪዎች በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ቀን ያሰሙት ንግግር)



ዛሬ በእጃችሁ የያዛችሁት መጽሔት ሊታተም አንድ ሳምንት ሲቀረው ፈጽሞ ሊጠፋ ጥቂት ቀርቶት ነበር። ሠላሳ አንዱ ጽሑፍ ሁሉ የተከተበው በቤተ መጻሕፍቱ ጥግ ባለችው በአንዲት አሮጌ ኮምፒዩተር ላይ ነው። ሌላ ቅጂ አልነበረንም፤ ይህ ጥፋት የራሳችን ነው።

ይህች ኮምፒዩተር የምትሠራው ሊኑክስ በሚባለው ሥርዓት ነው። ሊኑክስን እ.ኤ.አ. በ1991 የጀመረው ሊነስ ቶርቫልድስ የሚባል የፊንላንድ ተወላጅ ሲሆን፥ ያን ጊዜ እርሱም እንደ እኛ ተማሪ፥ ዕድሜውም 21 ዓመት ነበረ። እኛ የምንጠቀምበት ዓይነት ኡቡንቱ ይባላል፤ መጀመሪያ የወጣው እ.ኤ.አ. በ2004 ነው። የመረጥነውም ገንዘብ ስለማይከፈልበትና ከፎቶ ኮፒ ቤት በፍላሽ ተሸክመን የምናመጣው ቫይረስ እምብዛም ስለማይጎዳው ነው።

ነገሩ እንዲህ ሆነ። አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ፥ አዋጥተን በገዛነው የስልክ ኢንተርኔት፥ አፕዴት የሚሉትን ማሻሻያ አውርደን መጫን ጀመርን። በዚያው ሰዓት ከመካከላችን አንዷ በዚያችው ኮምፒዩተር ላይ ጽሑፏን ትከትብ ነበር። ማሻሻያው ገና ከመንገድ ሳለ መብራት ጠፋ። ሰኞ ስንከፍታት የመግቢያው ገጽ መጣ፤ የማውሱ ቀስት ግን ከመካከል ላይ እንደ ተቸነከረ ቀረ።

ዘበኛችን አባባ በመስኮት አይተውን፥ «ልጆቼ፥ ሙቀቱ ነው፤ እስቲ ትንሽ ትረፍ» አሉን። ምክራቸው ከሌላው ምክር ይሻል ነበር፤ አንዱ ጓደኛችን «ፎርማት እናድርጋት» ብሎ ነበርና። ፎርማት ማድረግ ማለት በሩ አልከፈት ስላለ ቤቱን አፍርሶ እንደገና እንደ መሥራት ነው፤ በውስጡ ያለው ዕቃም አብሮ ይሄዳል።

ስለዚህ በመጀመሪያ ነፍስ እንዳላት መረመርን። ካፕስ ሎክ የሚባለውን ቁልፍ ስንጫን ትንሿ መብራት በራች፤ ይኸውም ከርነል የሚባለው የሥርዓቱ አስኳል አልሞተም ማለት ነው። ቀጥለን ኮንትሮል፥ አልትና ኤፍ 3ን በአንድነት ተጫንን። ይህ ሥዕሉን ትቶ ጽሕፈት ብቻ ወዳለበት ጥቁር ገጽ ያሻግራል፤ ብዙ ጊዜ ችግሩ በሥዕሉ በኩል ብቻ ስለሆነ ከዚያ ገብቶ መጠገን ይቻላል። ለእኛ ግን ጥቁሩ መጣ እንጂ ጽሕፈቱ አልመጣም።

ሽቦውን ነቅሎ ማጥፋት ቀላል ነው፤ ነገር ግን በመጻፍ ላይ ያለውን ፋይል ሊያበላሽ ይችላል። ስለዚህ አልትንና ፕሪንት ስክሪንን እንደ ያዝን ኤስ፥ ዩ፥ ቢ የሚባሉትን ፊደላት እያረፍን አንድ በአንድ ተጫንን። ኤስ ያልተጻፈውን ወደ ዲስኩ ያስጽፋል፤ ዩ ዲስኩ ከእንግዲህ እንዳይጻፍበት ይቆልፋል፤ ቢ እንደገና ያስነሣል። ከእነዚህ በፊት የሚጨመሩ ሦስት ሌሎች ፊደላት አሉ፤ በኡቡንቱ ግን ሰው ካልከፈታቸው በቀር ዝግ ናቸው።

አሁን ወላጆቻችን ከእኛ ይልቅ የሚያውቁትን ነገር እናንሣ። በቆቦ ሜዳ ክረምት ከተራራው የሚወርደውን ጎርፍ ገበሬው በአፈር ክትር እየመለሰ ወደ ማሽላው ይመራዋል። አዲሱ ቦይ ሳያልቅ ጎርፍ ደርሶበት ቢናድ፥ አሮጌውን ቦይ የደፈነ ሰው ወዮለት፤ ያልደፈነው ግን ውሃውን ወደዚያ ይመልሰዋል። ኡቡንቱም አዲስ አስኳል ሲጭን የቅርቡን አሮጌ አያጠፋውም። ኮምፒዩተሯ ስትነሣ ኤስኬፕ የሚለውን ቁልፍ ነካ ነካ ስናደርግ (በአንዳንዱ አሮጌ ኮምፒዩተር ሺፍትን ይዞ መቆየት ነው) ግሩብ የሚባለው ዝርዝር ወጣ። «አድቫንስድ ኦፕሽንስ» የሚለውን መስመር ስንከፍት ሁለት አስኳሎች ከነቍጥራቸው ተጽፈው አየን፤ በቍጥር አነስ ያለውን መረጥን። ቀስቱ ተንቀሳቀሰ! ጩኸታችን እስከ ርእሰ መምህሩ ቢሮ ተሰምቶ ስለ ነበረ ይቅርታ እንጠይቃለን።

ከሁሉ አስቀድመን ሠላሳ አንዱን ጽሑፍ በሁለት ፍላሽ ገለበጥን። ጥገናው አጭር ነበረ። በጥቁሩ ገጽ «ሱዶ ዲ-ፒ-ኬ-ጂ»፥ ቀጥሎ ከሁለት ሰረዝ በኋላ «ኮንፊገር»፥ ከአንድ ሰረዝ በኋላ «ኤ» ብለን ጻፍን፤ ይህ በጅምር የቀሩትን ጥቅሎች ይጨርሳል። የጎደሉትን የሚያሟላው ደግሞ «ሱዶ አፕት» ካሉ በኋላ በሁለት ሰረዝ «ፊክስ-ብሮክን»፥ ከዚያም «ኢንስቶል» የሚለው ነው። ሁለቱን ትእዛዞች በሰሌዳው ላይ ስለ ጻፍናቸው የፈለገ ይገልብጣቸው። ከዚህ በኋላ በአዲሱ አስኳል ብናስነሣት ያለ ችግር ሠራች፤ ለካ የደረቀችው የሥዕሉ መሣሪያ ነጂ፥ ድራይቨር የሚሉት፥ በግማሽ ተጭኖ ስለቀረ ኖሯል።

ያቺ መብራት የጠፋባት ጓደኛችን ስለ አያቷ የጎርፍ እርሻ ነበር የምትጽፈው። ሊብረ ኦፊስ የሚባለው መጻፊያ በየ10 ደቂቃው ለራሱ ማስታወሻ ስለሚይዝ ጽሑፏ ተመለሰላት፤ የጠፋው የመጨረሻው አንቀጽ ብቻ ነው። እንደገና ጻፈችው፤ ከፊተኛውም ይሻላል ትላለች፤ እኛ ግን የፊተኛውን ስላላየነው መፍረድ አልቻልንም።