ቶርታው ለምን ሰጠመ?

(በተማሪዎች ማኅበር ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



ከእኔ በፊት የተናገሩት ስለ ታላላቅ ጉዳዮች ተናግረዋል። እኔ ግን ስለ አንድ ቶርታ ልነግራችሁ ነው የቆምሁት። አንዳንዶቻችሁ ፈገግ ስትሉ አያለሁ። ሳቁ፤ አልቀየምም። እኔም ስቄበታለሁ፤ የሳቅሁት ግን ካለቀስሁ በኋላ ነው።

የዛሬ ሁለት ዓመት ዳንግላ ላይ በአንድ አነስተኛ የበዓል ባዛር ያጌጠ ቶርታ ውድድር እንደሚደረግ ሰማሁ። ቤታችን እንጅባራ ነው። እናቴ ለገበያ ካስቀመጠችው እንቁላል ዐሥራ ሁለት እንድትሰጠኝ ለመንኋት። ጥቂት ዝም ብላ ቆየችና «ይህ ተሽጦ ደብተርሽን ይገዛ ነበር፤ ግን ውሰጂ» አለችኝ። ይህን ቃል ተሸክሜ ነው ወደ ሥራው የገባሁት።

የአሠራሩን መጠን ያገኘሁት ከአንድ የባሕር ማዶ የምግብ መጽሐፍ ነበር። ዱቄቱን፣ ስኳሩን፣ ቤኪንግ ፓውደሩን አንዲት ማንኪያ ሳላጎድልና ሳልጨምር ሰፈርሁ። ከጎረቤት በተዋስሁት የኤሌክትሪክ መጋገሪያ ውስጥ አስገብቼ በመስተዋቱ ስመለከት ቶርታው ከፍ፣ ከፍ አለ። ደስታዬ ግን ብዙ አልቆየም። ወዲያው መካከሉ ሰጠመ። ሳወጣው ዳር ዳሩ የቆመ፣ መካከሉ የጎደጎደ፣ የዘንገናን ሐይቅ የመሰለ ነገር ሆኖ አገኘሁት።

ታዲያ ምን አደረግሁ? ጉድጓዱን በክሬም ሞላሁት። በላዩም በመጽሐፉ ሥዕል ላይ እንዳየሁት ቀይ የክሬም ጽጌረዳ ደረደርሁበት። ከዚያም በሚኒባስ ተሳፍሬ አርባ ኪሎ ሜትር ያህል በጭኔ ላይ ይዤው ሄድሁ። ዳንግላ ስደርስ ያየው ሁሉ አደነቀ። ዳኛዋ ግን ቢላዋ ጠየቁ። ሲቆርጡት ክሬሙ ፈሰሰ፤ ከሥሩም ያልበሰለ ሊጥ ወጣ። ሴትዮዋ ክፉ ሰው አልነበሩም። ቀስ ብለው «ልጄ፣ ጌጡ ያምራል፤ ጌጡን የሚሸከመው ግን የለም» አሉኝ።

ቤት ስመለስ እናቴ አልተቆጣችኝም። «ድፎ ስንጋግር እንዲህ ሰጥሞብን ያውቃል?» ብላ ብቻ ጠየቀችኝ። አያውቅም አልኋት። «ታዲያ ይህን ምን ነካው?» አለችኝ። ወደ ቤተ መጻሕፍት የላከኝ ይህ ጥያቄ ነው።

ያገኘሁት መልስ ይህ ነው። እንጅባራ ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍ ብላ ትገኛለች። በዚህ ከፍታ የአየሩ ግፊት በባሕር ዳርቻ ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ ነው። ውሃ በባሕር ዳርቻ በ100 ዲግሪ ሲፈላ በእኛ አገር በ92 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል። ስለዚህ ቤኪንግ ፓውደሩ የሚያወጣው አየር የሚጫነው ግፊት ስለሚያንስ ከሚገባው በላይ ይለጠጣል። ሊጡ በስሎ ሳይጠነክር ይነፋል፤ ተነፍቶም መቆም ስለማይችል ይወድቃል። ውሃው ቶሎ ስለሚተን ደግሞ ስኳሩ እየበዛ ሄዶ የቶርታውን አካል ያላላዋል።

መጽሐፉ ውሸት አልጻፈም። የተጻፈው ግን በቆላ ለሚጋግር ሰው ነው። በአሜሪካ የኮሎራዶ ዋና ከተማ ዴንቨር 1,600 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ስላለች ለዚያ አገር ጋጋሪዎች የተለየ መመሪያ ይታተማል። እንጅባራ ከዴንቨር 900 ሜትር ያህል ትበልጣለች፤ እኔ ግን የባሕር ዳርቻውን መጠን እንዳለ ገለበጥሁ።

ድፎ ዳቦስ ለምን አይወድቅም? አንደኛ፣ ሊጡ በደንብ ስለሚታሽ ጥንካሬ አለው፤ ስኳርም አይበዛበትም። ሁለተኛ፣ እናቴ ሰዓት አትመለከትም፤ የምትመለከተው ሊጡን ነው። ኩፍ ሲል ታውቃለች፤ ከዚያ በኮባ ጠቅልላ ከላይና ከታች እሳት ታደርግበታለች። ስለ አየር ግፊት ያስተማራት የለም። ነገር ግን ስፍሯን ያወጣችው በዚሁ አገር፣ በዚሁ ብርድ ነው።

ለመወዳደር ለምታስቡ መፍትሔው ይህ ነው። ቤኪንግ ፓውደሩን ከሩብ እስከ ግማሽ ቀንሱ። ከእያንዳንዱ ኩባያ ስኳር ሁለት የሾርባ ማንኪያ ያህል አንሡ። ወተት ወይም ውሃ ሦስት አራት ማንኪያ ጨምሩ። የመጋገሪያውን ሙቀት በ10 ዲግሪ ያህል ከፍ አድርጉ። ዳንግላ ከእንጅባራ ዝቅ ስለምትል በዚያ የምትጋግሩ በጥቂቱ ለዘብ አድርጉት። ከውድድሩ ቀን በፊትም አንድ ጊዜ ጋግራችሁ ቁረጡት። ደግሞ ቀኑን በካላንደር ተመልከቱ፤ ረቡዕ ወይም ዓርብ ከዋለ እንቁላልና ቅቤ ያለበትን ቶርታ ጾመኛ ዳኛ አይቀምስላችሁም።

ስለ ጌጡም አንድ ቃል ልጨምር። በአሜሪካ የኒውዮርክ ግዛት እ.ኤ.አ. በ1841 በሲራክዩስ ከተማ የመጀመሪያውን የግዛት አውደ ርእይ ካዘጋጀ ወዲህ እንዲህ ያለው ልማድ በዚያ አገር ተስፋፍቷል፤ የቤት እመቤቶችም ኬካቸውን ለፍርድ ያቀርባሉ። ዛሬ ግን በአንዳንድ ያጌጠ ኬክ ውድድር የሚፈረደው ጌጡ ብቻ ስለ ሆነ፣ ከሥሩ ኬክ ሳይሆን የኬክ ቅርጽ ያለው ፎም ቢቀመጥ ይፈቀዳል። የኔ የመጀመሪያ ቶርታ በዚያ ቢቀርብ ምናልባት ይሸለም ነበር!

በእኛ አገር ግን እንዲህ ያለ ፍርድ አናውቅም። በ1932 ዓ.ም. የተመሠረተው የአገው ፈረሰኞች ማኅበር ጥር 23 ቀን በእንጅባራ በዓሉን ሲያከብር አይታችኋል። ፈረሱ በኮርቻው፣ በግላሱና በልጓሙ ጌጥ ደምቆ ይመጣል፤ ሰውም አይቶ ያደንቃል። በዚያ ግን አያበቃም። ይጋለባል፤ ጉግስ ይገባል። አንካሳ ፈረስ ምንም ቢሸለም ሜዳው ያጋልጠዋል። ትግራይ ብትሄዱም ሕምባሻ ሳይጋገር በፊት በላዩ ቅርጽ ይወጣበታል፤ ቅርጹ ግን ከዳቦው ጋር ይጋገራል፣ ከዳቦው ጋር ይበላል።

ባለፈው ዓመት ወደ ዳንግላ ተመለስሁ። ጽጌረዳውን ትቼ በጥር 23 ያየሁትን ያጌጠ ፈረስ በክሬም ሣልሁ። እግሮቹ፣ እውነቱን ለመናገር፣ የፍየል ይመስሉ ነበር። ዳኛዋ ቆረጡት፤ መካከሉ በስሏል። ሁለተኛ ወጣሁ። ከተሰጠኝ ሽልማት ይልቅ ሳህኑ ባዶውን መመለሱ ደስ አሰኘኝ። እናቴም ሳህኑን አይታ «እንቁላሉ አልባከነም» አለች።

እንግዲህ ለማኅበራችን የማቀርበው ሐሳብ አጭር ነው። በመጪው ጥር በግቢያችን የቶርታና የዳቦ ውድድር ይደረግ። ድፎውና ሕምባሻው ከቶርታው ጎን ይቁሙ። ዳኞቹ ሁሉንም ይቁረጡ። ተወዳዳሪውም በዚህ ከፍታ የተሳካለትን መጠን በወረቀት ጽፎ ያስቀምጥ፤ ያልተሳካለትንም ይጻፍ። ወረቀቶቹ ሲሰበሰቡ ለእንጅባራ የተሠፈረ መጽሐፍ ይኖረናል፤ ከእኛ በኋላ የሚመጡት እኅቶቻችንም የእናቶቻቸውን እንቁላል እንደ እኔ አያባክኑም።

የኔን ወረቀት ዛሬ ይዤ መጥቻለሁ። ከስብሰባው በኋላ መገልበጥ የሚፈልግ ሊወስደው ይችላል።