ስሙ ያልተጻፈ ሰዓሊ



ባለፈው ሰሞን አንድ አባት፣ «ልጄ፣ ስሜን መጻፍ ምን ያደርግልኛል? አገሩ ሁሉ ያውቀኝ የለም ወይ?» አሉኝ። ያን ዕለት መልስ አጣሁ። ዛሬ ልመልስላቸው።

ሥዕል ለእናንተ አዲስ ነገር አይደለም። ፊደል ከመቁጠራችሁ በፊት በቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ላይ ታሪክ ስታነቡ ኖራችኋል። ሁለት ዓይኑ የሚታየው ደግ ሰው ነው። በጎን ተስሎ አንድ ዓይኑ ብቻ የሚታየው ክፉ ነው። ይህን ያስተማራችሁ ሰዓሊው ነው።

በጣና ሐይቅ፣ በደቅ ደሴት፣ ናርጋ ሥላሴ የሚባል ቤተ ክርስቲያን አለ። ያሠሩት እቴጌ ምንትዋብ ናቸው። ልጃቸው ዳግማዊ ኢያሱ በጎንደር የነገሡት እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ከ1730 እስከ 1755 ነው። በናርጋ እመቤታችን ልጇን ታቅፋ ተስላለች። ከእግሯ ሥር እቴጌይቱ ተደፍተው ይታያሉ። ልብሳቸው የንግሥት ልብስ ነው፤ እሳቸው ግን መሬት ላይ ወድቀዋል። ሰዓሊው ክብርንና ትሕትናን ባንድ ላይ አሳየን።

በዚያው ዘመን በእንግሊዝ አገር ጆሹዋ ሬይኖልድስ የሚባል ሰዓሊ የመኳንንትንና የወይዛዝርትን መልክ ይስል ነበር። በ1723 ተወልዶ በ1792 ሞተ። ስሙም፣ ሥራውም፣ የተቀበረበትም ተጽፏል። የብዙዎቹ የጎንደር ሰዓሊዎች ስም ግን ከሥዕላቸው ጋር አልተጻፈም። ያሳለው ታወቀ፣ የሣለው ተረሳ። በዘመኑ እኮ እሱንም አገሩ ሁሉ ያውቀው ነበር!

ሌላም ነገር አለ። የድሮ ሰዓሊዎች ብዙ ጊዜ የሚስሉት በጥጥ ጨርቅ ላይ ነበር። ጨርቁ በጭቃና በጭድ በተመረገው ግድግዳ ላይ ይለጠፋል። የተለጠፈ ነገር ደግሞ ይላጣል። በ1932 ከፈረንሳይ የመጡ ተመራማሪዎች ጎንደር ከሚገኘው ከአባ እንጦንስ ቤተ ክርስቲያን የቆየውን ሥዕል ልጠው ወሰዱ። በምትኩ ራሳቸው የሣሉትን ግልባጭ ለጠፉ። ዋናው ዛሬ በፓሪስ ቤተ መዘክር ነው። የጎንደር ልጅ የጎንደርን ሥዕል ለማየት ባሕር ይሻገር?

እንግዲህ ምን እናድርግ? ጣራው ሲያፈስ ቶሎ እንክደን፤ ውኃ ጭቃውን ካራሰው ሥዕሉ አብሮ ይወርዳል። ጧፍና ጢስ ከሥዕሉ እናርቅ። ደግሞ አሁን መጻፍ ችላችኋል። ካህናቱን አስፈቅዳችሁ በደብራችሁ ያለውን ሥዕል ቁጠሩ። የማን ሥዕል ነው? በየትኛው ግድግዳ ነው? ማን አሳለው? ማንስ ሣለው? ሽማግሌ ጠይቁና በደብተር ጻፉ። የተጻፈ ነገር ቢጠፋ ይጠየቃል፤ ያልተጻፈ ሲጠፋ ግን «የት ሄደ?» የሚል የለም።

አባቴ፣ መልሴ ይኸው ነው። የሚያውቅዎ ሰው ያልፋል፤ የጻፉት ስም ግን ይቆያል። በሉ እርሳስዎን ያንሡ!