መገናኛ ላይ ቻርጅ፣ እንጦጦ ላይ ብርድ

አቅራቢ 1፦ መንግሥት በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ ከከለከለ ወዲህ፣ በመገናኛና በኮተቤ መንገድ የኤሌክትሪክ መኪና በዝቷል። ኢትዮ ቴሌኮምም በ2017 ዓ.ም. ከቦሌ ወደ መገናኛ በሚወስደው መንገድ ፈጣን ቻርጅ ማድረጊያ ከፈተ። ሾፌሮች ግን «ፈጣን ከተባለ ለምን ይቆያል?» ይላሉ፤ ምን ትላቸዋለህ ወንድሜ?

አቅራቢ 2፦ ፍጥነቱን የሚወስነው ማሽኑ ብቻ አይደለም። መኪናው የሚቀበለው ቢበዛ 80 ኪሎዋት ከሆነ፣ ማሽኑ 300 መስጠት ቢችልም ከ80 አያልፍም። ባትሪው ወደ 80 በመቶ ሲደርስ ደግሞ ራሱን ለመጠበቅ አቀባበሉን ይቀንሳል። ወረፋ ካለ እዚያ ላይ መንቀል ይገባል ባይ ነኝ።

አቅራቢ 1፦ የእንጦጦ ብርድስ?

አቅራቢ 2፦ እሱማ ትልቅ ነገር ነው! የቀዘቀዘ ባትሪ በኃይል ሲሞላ ሊቲየሙ ወደ ውስጥ መግባቱን ትቶ ላዩ ላይ ይለጠፋል፤ ያ ባትሪውን ይጎዳል። ስለዚህ የመኪናው ኮምፒውተር ፍሰቱን ይገድባል። በኅዳርና በታኅሣሥ ደጅ ያደረ መኪና ማለዳ ላይ ይዘገያል፤ ሲነዳ ቆይቶ የሞቀ ግን ይፈጥናል።

አቅራቢ 1፦ ከመገናኛ እስከ እንጦጦ አናት ለሚወጣስ?

አቅራቢ 2፦ 700 ሜትር ገደማ ሽቅብ ነው። ሁለት ቶን የሚመዝን መኪና ለከፍታው ብቻ ወደ 4 ኪሎዋት ሰዓት ይፈልጋል፤ ቁልቁል ሲመለስ ሞተሩ ከፊሉን መልሶ ያመነጫል። ቤትሽ ዳገቱ ላይ ከሆነ ግን እህቴ፣ 100 በመቶ ሞልተሽ አትውረጂ። ሙሉ ባትሪ የቁልቁለቱን ኃይል የሚያስቀምጥበት ቦታ የለውም፤ ሸክሙ ሁሉ ፍሬኑ ላይ ይወድቃል።